የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፦ የ«አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት» ደራሲ ሕይወት

«ፍሮዝን»ን አይታችኋል? «ዘ ሊትል መርሜይድ»ንስ? ባታዩዋቸው እንኳ ስማቸውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ሁለቱም ፊልሞች የተነሱት ከአንድ ሰው ተረቶች ነው። ሰውየው ሀንስ ክርስቲያን አንደርሰን ይባላል። ዴንማርካዊ ነው፤ ከሞተ 150 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

በዘመኑ ነገሥታት ማዕድ ላይ የሚቀመጥ፣ በአውሮፓ ከተሞች ሲያልፍ ሰው የሚያውቀው ታላቅ ደራሲ ነበር። ግን ፀጉሩ ሸብቶም ሌሊት በቅዠት ይባንን ነበር። በቅዠቱ የሚመጣበት ጭራቅ ወይም ሰይጣን አይደለም። የድሮ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው።

ብዙዎቻችን በልጅነታችን ስለደረሰብን ስድብና ማሸማቀቅ ስናነሳ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበርክ፣ እርሳው የሚለን ሰው አይጠፋም። የአንደርሰን ሕይወት ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። እስኪ ከመጀመሪያው እንያዘው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪ የጫማ ሰሪው ልጅ

ኤፕሪል 2 ቀን 1805 ኦዴንሴ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ድሃ ጫማ ሰሪ ነበር። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች የምታድር፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ቤተሰቡ የሚኖረው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

አባትየው ግን መጽሐፍ ይወዳል። ማታ ማታ ለልጁ «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን ያነብለት ነበር። በእጁም ትንሽ የአሻንጉሊት ቲያትር ሠራለት። ሀንስም ከሰፈር ልጆች ጋር ከመሯሯጥ ይልቅ ቤት ተቀምጦ ለአሻንጉሊቶቹ ልብስ እየሰፋ፣ ድራማ እየፈጠረላቸው አደገ።

ሰፈር ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ አይመችም። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ አፍንጫው ጎላ ያለ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ጨዋታው ከሌሎቹ የተለየ ነው። ተውኔት እንደሚጽፍ የሰሙ የመንደር ልጆች ገና ሲያዩት ቲያትር ደራሲው መጣ እያሉ፣ እየጮሁ ይከተሉት ጀመር። እሱም እየሮጠ ቤቱ ይገባና ጥግ ይዞ ያለቅሳል።

ከዚህ የባሰ ፍርሃት የለቀቀበት ሌላ ነገርም አለ። አያቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበሩ። ከእንጨት የእንስሳ ራስ ያላቸው ሰዎች፣ ክንፍ ያላቸው አውሬዎች እየጠረቡ ይዞራሉ። አንድ ቀን የመንገድ ልጆች አያቱን እየጮሁባቸው ሲያሳድዷቸው ትንሹ ሀንስ አየ። ደረጃ ሥር ተደብቆ ተንቀጠቀጠ። ያን ቀን አእምሮው ውስጥ የገባው ሐሳብ ይህ ነበር፦ እኔም የሳቸው ሥጋና ደም ነኝ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ትምህርት ቤት ሊቀርባት ለፈለጋት አንዲት ልጅ፣ በልጅነት ፈጠራው፣ ከመኳንንት ቤት የተወለደ ልጅ እንደሆነና ሲወለድ እንደተቀየረ አወራላት። እሷ ዞር ብላ ለሌላ ልጅ ይሄም እንደ አያቱ እብድ ነው አለች። አስቡት፤ በዓለም ላይ ከሁሉ አብዝቶ የሚፈራውን ነገር ነው ጓደኛ ትሆነኛለች ካላት ልጅ አፍ የሰማው። ሽማግሌ እስኪሆን ድረስ አብድ ይሆን የሚለው ስጋት አልለቀቀውም።

አባቱ ወታደርነት ገብቶ ጤናውን አጥቶ ተመለሰ፤ በ1816 ሞተ። ሀንስ 11 ዓመቱ ነበር።

▪ ፋብሪካው ውስጥ

እናቱ ብቻዋን ስትቀር ልጁን የጨርቅ ፋብሪካ አስገባችው። ሀንስ መዝፈን ይወድ ስለነበር ለሠራተኞቹ ይዘፍንላቸው ጀመር። መጀመሪያ ላይ ደስ አላቸው፣ ሥራውን ሁሉ ለሌሎች ልጆች ሰጥተው እሱን ያዘፍኑት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተወደደ መሰለው።

አንድ ቀን ግን አንዱ ሠራተኛ በዚያ ቀጭን ድምፅ ላይ ተነሳ። ይሄ ወንድ ሳይሆን ሴት መሆን አለበት አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ እጅና እግሩን ይዘው፣ እናረጋግጥ ብለው ልብሱን ገፈፉት። ልጁ እሪ ብሎ ከእጃቸው አመለጠና ወደ እናቱ ሮጠ። እናቱም ሁለተኛ እዚያ እንደማትልከው ቃል ገባችለት።

ለእነዚያ ሠራተኞች የአንድ ከሰዓት ቀልድ ነበር። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ረስተውታል። ልጁ ግን ከዓመታት በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ቁጭ አድርጎ ጽፎታል። የኛ ሰው የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

▪ በ17 ዓመቱ ከ11 ዓመት ልጆች ጋር

በ1819፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ጥቂት ገንዘብ ቋጥሮ ብቻውን ኮፐንሃገን ገባ። ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ ዳንሰኛ ለመሆን ሞከረ። ድምፁ ሲጎረምስ ዘፈኑ ቀረ፣ ዳንሱም አልሆነለትም። ሦስት ዓመት ያህል እየተራበ የሰው በር አንኳኳ።

በመጨረሻ ዮናስ ኮሊን የተባሉ የሮያል ቲያትሩ ባለሥልጣን አንድ ነገር አዩበት። ልጁ ተሰጥኦ አለው፣ የጎደለው ትምህርት ነው። ከንጉሡ ድጎማ አስፈቅደውለት በ1822 ስላገልሰ የምትባል ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ላኩት። ደስ የሚል ዜና ይመስላል አይደል?

ችግሩ፣ 17 ዓመቱ ሆኖ ከ11 እና ከ12 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀመጠ። ረጅምና ቀጭን ጎረምሳ በሕፃናት መሃል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ ሲሞን ማይስሊንግ ነው። ማይስሊንግ የግሪክና የላቲን ሊቅ ነበር። እውቀቱን ማንም አይክደውም። ምላሱ ግን ምላጭ ነበር።

አንደርሰን ሲሳሳት በክፍሉ ፊት ይሳለቅበታል፣ ደደብ ይለዋል። አንደርሰንም ከፍርሃቱ ብዛት የሚያውቀውን ጥያቄ መመለስ ያቅተው ጀመር። ገና ስሙ ሲጠራ ያጠናው ሁሉ ይጠፋበታል። ሲጠፋበት ይሰደባል፣ ሲሰደብ ደግሞ ይብስበታል። ይህን አዙሪት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ የወደቀ ተማሪ በየክፍሉ አለ።

ቆይቶ ነገሩ ከረረ። አንደርሰን ማይስሊንግ ቤት ገብቶ እንዲኖር ተደረገ። በ1826 ዳይሬክተሩ ወደ ሄልሲንገር ከተማ ሲዛወር እሱንም ይዞት ሄደ። አሁን ስድቡ ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ማዕድ ላይም አለ። ትምህርት ሲያልቅ በሩ ይቆለፋል። መውጫ የለም። ዛሬ ስልካችን ኪሳችን ውስጥ ሆኖ ስድቡ ቤት ድረስ እንደሚከተለን ማለት ነው፤ ለሱም እፎይ የሚልበት ቤት አልነበረውም።

በዚህ ላይ ግጥም እንዳይጽፍ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ግን «እየሞተ ያለው ልጅ» የሚል ግጥም ጻፈ። ማይስሊንግ ሲያገኘው አጣጣለው፣ ከንቱ ነገር ነው ብሎ አዋረደው። ያ ግጥም ከታተመ በኋላ ዝናን አትርፎ ከደራሲው በጣም ከታወቁ ግጥሞች አንዱ ሆነ።

▪ አንድ ሰው አፉን ሲከፍት

አንደርሰን ዝም አላለም። ለኮሊን ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ደብዳቤ። ኮሊን ደግ ሰው ቢሆኑም ለረጅም ጊዜ መልሳቸው በርታ፣ ቻለው የሚል ዓይነት ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ከሩቅ ሆኖ የሚያነብ ሰው የልጅ ማጋነን ሊመስለው ይችላል።

ነገሩን የለወጠው እዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ነው። ዓይኑ ያየውን ሄዶ ለኮሊን ነገራቸው። ኮሊንም ጊዜ አላጠፉም፤ በ1827 የጸደይ ወራት ልጁን ከዚያ አወጡት። ማይስሊንግ ሲሰናበተው እንኳ በእርግማን ነበር የሸኘው።

አራት ዓመት ተኩል የቆየው ስቃይ አንድ የዓይን ምስክር በተናገረው አበቃ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

▪ ዝና መጣ፣ ቅዠቱ ግን አልሄደም

ኮፐንሃገን ተመልሶ በግል አስጠኚ እየተማረ ፈተናውን በ1828 አለፈ። በ1835 የመጀመሪያ ልቦለዱና የመጀመሪያዋ የተረት መጽሐፉ ወጡ። አንዳንድ ተቺዎች ሰው በአፉ እንደሚያወራው መጻፉ ነውር መሰላቸው፤ ሕፃናቱና ወላጆቻቸው ግን ወደዱት። በሕይወቱ ከ150 በላይ ተረቶች ጻፈ። ዛሬ ከ100 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይነበባሉ።

በ1843 «አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት» ታተመ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ከዳክዬዎች መሃል የተፈለፈለ አንድ ጫጩት መልኩ ስለተለየ ሁሉም ይነክሱታል፣ ያባርሩታል። ክረምቱን በስቃይ ያሳልፍና በጸደይ ውሃ ውስጥ ራሱን ሲያይ ለካ ውብ የስዋን ወፍ ነው። አንደርሰን ይህ ተረት የራሱ ሕይወት ነጸብራቅ መሆኑን አልደበቀም።

ተረቱ ላይ ጫጩቱ ስዋን መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነገሩ ያልቃል። ሕመሙም አብሮ ይጠፋል። በደራሲው ሕይወት ግን እንደዚያ አልሆነም።

አንደርሰን እንደጻፈው፣ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ማይስሊንግ ኮፐንሃገን ውስጥ አግኝቶት ስለሱ ተሳስቶ እንደነበር፣ እንደበደለውም ነግሮታል። ስንቶቻችን ነን ይህን ቀን የምንመኘው? የበደለን ሰው ፊታችን ቆሞ ተሳስቻለሁ እንዲለን። አንደርሰን ይህን አግኝቷል። ዝናውንም አግኝቷል። ግን ማይስሊንግ ከሞተ በኋላ እንኳ፣ በስተርጅናው በያዘው ማስታወሻ ውስጥ ያ ሰው በሕልሙ ይመጣል። በሕልሙ አሁንም ተማሪ ነው፤ አሁንም ይሸማቀቃል።

ይቅርታው ለማይስሊንግ የሆነ እረፍት ሰጥቶት ይሆናል። የአንደርሰንን ሌሊት ግን አላስተካከለም።

▪ ጭንቀቱ አብሮት ሲጓዝ

አንደርሰን ብዙ አገር የዞረ መንገደኛ ነበር። ሻንጣው ውስጥ ግን ሁሌ ገመድ ነበረ፤ ያደረበት ሆቴል ቢቃጠል በመስኮት የሚወርድበት። ተኝቶ ሳለ ሞቷል ተብሎ በሕይወቱ እንዳይቀበር ስለሚፈራ፣ የሞተ ቢመስልም እንዳልሞተ የሚገልጽ ወረቀት አልጋው አጠገብ ያስቀምጥ ነበር። ውሻ ይፈራል። የፓስፖርት ጉዳይ ያስጨንቀዋል። ለሳምንታት የሚቆይ ድብርት ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ፍርዳችንን ቆጠብ እናድርግ። ከሞተ የቆየን ሰው ሕመምህ ይህ ነው ብለን መመርመር አንችልም። የአባቱ ሞት፣ ድህነቱ፣ የአያቱ ሕመም፣ ተፈጥሮው ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። ማይስሊንግን ግን በሕልሙ ያየው እሱ ራሱ ነው፤ ያንን የጻፈውም እሱ ነው።

የሰው ግንኙነቱም ላይ ጥላውን ጥሎ ነበር። የኮሊን ቤተሰብ እንደ ልጃቸው ተቀብሎታል። ከልጆቹ አንዱ ኤድቫርድ የቅርብ ወዳጁ ሆነ። በዴንማርክ ቋንቋም እንደኛ አንተ እና እርስዎ አለ። በ1831 አንደርሰን ወዳጁን አንተ እንባባል ብሎ በደብዳቤ ጠየቀው። ኤድቫርድ በትሕትና እምቢ አለ፤ እርስዎ እንደተባባሉ ይቆዩ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን ሙሉ ከኛ አይደለህም ሲባል ላደገ ሰው ግን በሩ እንደገና እንደተዘጋበት ነው። ከ16 ዓመት በኋላ «ጥላው» በሚለው ተረቱ ውስጥ ይህንኑ የአንተና የእርስዎ ጉዳይ አስገብቶታል።

▪ ሥራው ላይ

የልጅነት መሸማቀቅ ሰውን ሰነፍ ያደርገዋል ማለት አይደለም። አንደርሰን ከማንም በላይ ይሠራ ነበር። ልቦለድ፣ ተውኔት፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ተረት። ችግሩ የሠራውን ሥራ ዋጋ ራሱ ማመን አለመቻሉ ላይ ነው። ሙገሳ ካልሰማ ያስጨንቀዋል፤ ትችት ከሰማ ይወድቃል።

በ1857 እንግሊዝ አገር ቻርልስ ዲክንስ ቤት በእንግድነት ሄደ። ሁለት ሳምንት የተባለው ቆይታ አምስት ሳምንት ሆነ፤ ቤተሰቡም ተሰላቸ። እዚያው ሳለ አንዱን መጽሐፉን የሚነቅፍ ጽሑፍ ደረሰው። የ52 ዓመት ሰው፣ በመላው አውሮፓ የታወቀ ደራሲ፣ የዲክንስ ግቢ ሣር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አለቀሰ። ዲክንስ አጽናናው። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ለደብዳቤዎቹ መልስ መስጠት አቆመ።

ከውጭ ለሚያይ ሰው የሚያስቅ ነገር ነው። የአንድ ጋዜጣ ትችት ይህን ያህል? ግን ለሱ ያ ጽሑፍ የአንድ ተቺ አስተያየት ብቻ ሆኖ የተሰማው አይመስልም። ተነስ ተብሎ በክፍሉ ፊት ደደብ የተባለበት ቀን ነው የተመለሰበት።

ይህን ነገር ዛሬ በየቢሮው እናየዋለን። ስብሰባ ላይ ጥሩ ሐሳብ ይዞ ዝም የሚል ሰው አለ። አለቃው እስኪ ቢሮ ና ሲለው ልቡ የሚመታ፣ አንድ ስህተት ሲታረምለት ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ፣ ሥራው ጥሩ ሆኖ ሳለ እድገት ለመጠየቅ የማይደፍር አለ። ሰነፍ ወይም ኩሩ ይባላል እንጂ ማንም በልጅነትህ ምን ደርሶብህ ነው ብሎ አይጠይቀውም።

▪ ጥናቱ ምን ይላል?

ይህ የአንድ ደራሲ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2014 ያወጡት ጥናት አለ። ብሪታኒያ ውስጥ በ1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተወለዱ ልጆች መሃል የ7,771ዱን ሕይወት እስከ 50 ዓመታቸው ተከታተሉ። ልጆቹ በ7 እና በ11 ዓመታቸው በሌሎች ልጆች ይሸማቀቁ እንደነበር ወላጆቻቸው ተጠይቀው ነበር።

ውጤቱ? ከ40 ዓመት ገደማ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። በተደጋጋሚ የተሸማቀቁት በ50 ዓመታቸው ለድብርትና ለጭንቀት የበለጠ ተጋላጭ ነበሩ። የትምህርት ደረጃቸው ዝቅ ያለ ነው። ወንዶቹ ሥራ አጥ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ይላል፣ ሲሠሩም ደመወዛቸው ያነሰ ነው። በሕይወታቸው ያላቸው እርካታም ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ የቤተሰብ ኑሮንና የልጆቹን የአእምሮ ብቃት የመሳሰሉትን ከግምት ካስገቡ በኋላም አብዛኛው ልዩነት ነበረ።

ይህ ማለት የተሸማቀቀ ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ያገግማል። የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ግን ስህተት ነው።

▪ ኦዴንሴ በመብራት ስትደምቅ

በዲሴምበር 1867 የትውልድ ከተማው ኦዴንሴ የክብር ዜጋ አድርጋ ጠራችው። ልጆች እየጮሁ ያሳደዱት ከተማ በመብራት አሸበረቀች። ሕዝቡ ችቦ ይዞ በመስኮቱ ሥር ቆመ። የሕልሙ ፍጻሜ ነበር። እሱ ግን ያን ምሽት በከባድ የጥርስ ሕመም እየተሰቃየ ነበር፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርድ ሕመሙን ያብስበታል። በሕይወቱ ትልቁ ቀን ላይ እንኳ ደስታውን ሙሉ አድርጎ አልቀመሰውም።

ኦገስት 4 ቀን 1875 ኮፐንሃገን አጠገብ፣ በወዳጆቹ ቤት አረፈ። 70 ዓመቱ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ዛሬ ዓለም አቀፍ የልጆች መጽሐፍ ቀን የሚከበረው በልደቱ ቀን፣ ኤፕሪል 2 ነው።

▪ እና ምን እንማር?

ይህን ታሪክ ሰምቶ አየህ፣ ስድቡ ነው ታላቅ ሰው ያደረገው የሚል አይጠፋም። አይደለም። የመጀመሪያውን የአሻንጉሊት ቲያትር የሠራለት አባቱ ነው። ትምህርት ቤት ያስገቡት ኮሊን ናቸው። ከማይስሊንግ እጅ ያስወጣው ያ የተናገረው መምህር ነው። ማይስሊንግ የሰጠው ቅዠት ብቻ ነው።

ስለዚህ መምህር ወይም ወላጅ ከሆናችሁ ልጁ ሲነግራችሁ ቻለው ከማለታችሁ በፊት አንዴ ሄዳችሁ እዩ። ተማሪ ከሆናችሁና ክፍላችሁ ውስጥ ሁሌ የሚሳቅበት ልጅ ካለ፣ አብራችሁ ባትስቁም ዝም አትበሉ። የሚሰማ አዋቂ ፈልጋችሁ ንገሩ። አንድ ሰው መናገሩ አራት ዓመት ተኩል የቆየን ስቃይ እንዳስቆመ አይታችኋል።

የተወጋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ስኬት ሲመጣ ይጠፋል ወይም የበደለኝ ይቅርታ ሲል ያልቃል ብላችሁ ብቻ አትጠብቁ። በአንደርሰን ዘመን የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ማውራት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማስታወሻ ደብተሩና ብዕሩ ብቻ ነበሩት። እናንተ ዛሬ አማራጭ አላችሁ። የሚያምኑትን ሰው ማናገር፣ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳ ከሆነም ባለሙያ ጋር መሄድ ነውር የለውም።

አሁንም በሕልማችሁ የሚመጣ መምህር ወይም የክፍል ልጅ አለ? ያኔ ማን ቢናገርላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር? ዛሬ እናንተ ለአንድ ልጅ ያ ሰው መሆን ትችላላችሁ።